ሰበቃ ሁሉ ውዝዋዜን አያበርድም፦ ስለ ግብረ መልስ ቁጥጥር ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ለፋብሪካ የጥገና ሠራተኞችና ለቴክኒክ ተማሪዎች ታስቦ የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በደብረ ብርሃን ወርክሾፖች ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም እጅ ገባ። ጸሐፊው በሥራው ላይ የቆዩ መሐንዲስ መሆናቸው ከአገላለጻቸው ይታወቃል፤ አማርኛቸውም የጠራ ነው። የጽሑፋቸው ዋና አሳብ ሰበቃ ጉልበትን ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያባክን ስለ ሆነ በግብረ መልስ (ውጤቱን እየለካ ራሱን በሚያርም ዘዴ) የሚሠራን ማንኛውንም የቁጥጥር ሥርዓት ያረጋጋል እንጂ አያናውጥም የሚል ነው። ከዚህ ተነሥተው በመሣሪያ ላይ ያለ ሰበቃ ሊፈራ እንደማይገባ፣ በሰበቃ ምክንያት የሚቀር ስህተት ቢኖር የተቆጣጣሪውን የኢንተግራል ክፍል (ስህተቱን በጊዜ እያጠራቀመ ግፊቱን የሚጨምረውን) ከፍ በማድረግ እንደሚጠፋ፣ ዕቃው ሲዋዥቅ ቢገኝ ጥፋቱ የጌን፣ ማለትም ተቆጣጣሪው ለስህተት የሚሰጠው ምላሽ ጥንካሬ፣ መብዛት ስለ ሆነ እሱን መቀነስ እንደሚበቃ፣ ሰበቃን ትቶ የተሠራ ስሌት ሁልጊዜ ወደ ጥንቃቄ ያደላ መሆኑን፣ እንዲሁም የደጋው ብርድ ግራሶን ማወፈሩ ራሱ በረከት መሆኑን ያስረዳሉ።

ምላሽ እንድጽፍ ያስነሣኝ ክርክር መውደድ አይደለም። ጽሑፉን ያነበበ አንድ ወጣት ቴክኒሻን በሚዋዥቅ የእንፋሎት ቫልቭ ፊት ቆሞ «ፓኪንጉ ቢጠብቅ ምን ችግር አለው፣ ሰበቃው ይረዳናል እንጂ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ፓኪንግ እንፋሎት እንዳያፈስ በቫልቩ ዘንግ ዙሪያ የሚጠቀጠቀው ማሸጊያ ነው። እንዲህ ያለው ምክር ወረቀት ላይ ሲነበብ ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ቫልቭ ላይ ሲደርስ ግን ጉዳቱ ይታያል።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት፤ የጸሐፊው ስህተት ሁሉ የሚመነጨው ይህን ካለመለየት ነውና። ሰበቃ አንድ ነገር አይደለም። በዘይትና በግራሶ ውስጥ የሚገኘው ሰበቃ ከፍጥነት ጋር አብሮ ያድጋል፤ ዕቃው ሲቆም እሱም ዜሮ ይሆናል። እኔ ይህን የዘይት ሰበቃ እለዋለሁ። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ኩሎምብ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ጥናቱ የታወቀበት ደረቅ ሰበቃ ሲሆን፣ መጠኑ ዕቃው በዝግታም ሄደ በፍጥነት ብዙም ሳይለወጥ አቅጣጫው ብቻ ሁልጊዜ ከእንቅስቃሴው ተቃራኒ ይሆናል። ሦስተኛው የቆመን ነገር ለማስነሣት የሚጠየቀው ኃይል ነው። ሙሉ ኩንታል በሲሚንቶ ወለል ላይ የጎተተ ሰው ያውቀዋል፤ የሚከብደው ማስነሣቱ ነው፣ ከተነሣ በኋላ ይቀላል። ይህን የመነሻ ሰበቃ ልበለው። በመነሻውና በጉዞው መካከል ያለው መንገድም ድንገተኛ አይደለም፤ ጀርመናዊው ስትሪቤክ እ.ኤ.አ. በ1902 ባወጣው የኩሽኔታ ጥናት እንዳሳየው፣ ዘይት በተቀባ ገጽ ላይ ፍጥነት ከዜሮ ተነሥቶ ሲጨምር ሰበቃው መጀመሪያ ይቀንሳል፣ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው እንደገና የሚያድገው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ነጥብ እንመልከት። ሰበቃ ጉልበት ያባክናል እንጂ አይሰጥም የሚለው እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሰበቃ ያለበት ሥርዓት ሊወዛወዝ አይችልም ማለት ግን አይቻልም፤ ምክንያቱም የቁጥጥር ሥርዓት ብቻውን የተቀመጠ ፔንዱለም አይደለም። ሞተር፣ የታመቀ አየር ወይም እንፋሎት ያለማቋረጥ ጉልበት ይመግበዋል። ጥያቄው ሰበቃው ይህን የማያቋርጥ ምግብ ወደ ምን ይለውጠዋል የሚለው ነው።

ለዚህ ከመሰንቆ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። የመሰንቆ መምቻ ጭራ በሙጫ ካልታሸ በአውታሩ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። አዝማሪው ክንዱን የሚስበው በአንድ አቅጣጫና በእኩል ፍጥነት ነው፤ አውታሩ ግን በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይርገበገባል። ሙጫው የመነሻ ሰበቃውን ከፍ ስለሚያደርገው ጭራው አውታሩን ይዞት ይሄዳል፤ የአውታሩ ውጥረት ከሰበቃው ሲበልጥ ያመልጠዋል፤ ባመለጠበት ቅጽበት ሰበቃው ስለሚቀንስ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ ፍጥነቱ ሲበርድ እንደገና ይያዛል። ጉልበቱ የመጣው ከክንዱ ነው፤ ቀጥ ያለውን ስበት ወደ ውዝዋዜ የለወጠው ግን ሰበቃው ነው። ጸሐፊው የሚሉት እውነት ቢሆን ኖሮ ብዙ ሙጫ የጠጣ መሰንቆ ዝም ባለ ነበር። በስሌት ቋንቋ ሲነገር፣ ፍጥነት ሲጨምር ሰበቃው በሚቀንስበት ክልል ውስጥ ሰበቃ ውዝዋዜን የሚያበርድ ሳይሆን የሚቀሰቅስ ይሆናል። ማንኛውም ማሽን በጣም በዝግታ ወደ ታዘዘበት ቦታ በሚጠጋበት ጊዜ የሚገኘው ደግሞ በትክክል በዚህ ክልል ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ታሪክን የሚጠራ ነው። የሞተርን ፍጥነት በራሱ የሚጠብቀው የዋት ጋቨርነር እ.ኤ.አ. ከ1788 ጀምሮ በእንፋሎት ሞተር ላይ ሲሠራ መቆየቱን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጋቨርነሮች መዋዠቅ እንደ ጀመሩ፣ ሩሲያዊው መሐንዲስ ቪሽኔግራድስኪም እ.ኤ.አ. በ1876 ያለ ሰበቃ ጋቨርነር የለም ብሎ እንደ ደመደመ ይጠቅሳሉ። የታሪኩ ፍሬ ነገር ትክክል ነው። ለመዋዠቁ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱም የማሽን ገጾች አሠራር እየተሻሻለ ሄዶ ሰበቃው መቀነሱ ነበር። ነገር ግን ቪሽኔግራድስኪ የማይቀር ያለው ዕቃ ካታራክት የሚባለውን፣ ፈሳሽ በሞላው ሲሊንደር ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን ነው፤ ይህ በዛሬ አነጋገር የመኪና አሞርዛተር ወንድም ሲሆን፣ የሚሰጠውም ከፍጥነት ጋር የሚያድገውን የዘይት ሰበቃ ነው። የቀመሩ መስመራዊነት (ውጤቱ ከምክንያቱ ጋር በእኩል ድርሻ የሚያድግ መሆኑ) እንዲጠበቅ ሲል ደረቅ ሰበቃን ከስሌቱ አስወጥቶታል። ይኸው ችግር ደረቅ ሰበቃ ተጨምሮበት በሚገባ የተሠራው አንድሮኖቭና ማየር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንደገና ባነሡት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ስለ አሞርዛተር የተነገረውን ቃል ለጠበቀ ፓኪንግ ማስረጃ አድርገው አቅርበውታል።

ሻካራዎቹ የድሮ ጋቨርነሮች አይዋዥቁም ነበር ለሚለውም ዋጋውን መጨመር ያስፈልጋል፤ ትንሽ የፍጥነት ለውጥ አይሰማቸውም ነበር። የደነዘዘ መሣሪያና የተረጋጋ መሣሪያ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ።

ደረቅ ሰበቃ በጋቨርነር ላይ የሚያደርገውን በልጅነቴ በዓይኔ አይቻለሁ። በመንዝ አባቴ በሚሠሩበት የናፍጣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ባለ አንድ ሲሊንደሩ ሞተር በትልቅ መዘውርና በቺንጋ ድንጋዩን ያዞር ነበር። ገብስ ሲጨመርበት ፍጥነቱ ዝቅ ይላል፤ የጋቨርነሩ ክብደቶች ይሰበሰባሉ፤ ሞላው የፖምፓውን ራክ (የናፍጣውን መጠን የሚወስነውን ዘንግ) ገፍቶ ናፍጣ ያስጨምራል፤ ፍጥነቱ ይመለሳል። አንድ ክረምት ወፍጮው ድምፁን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመረ፤ እህል ይዘው የተሰለፉት እናቶች «ወፍጮው ዛሬም ያቃስታል» ይሉ ነበር። ከከተማ የተጠራው መካኒክ ጋቨርነሩ ሰንፏል ብሎ ሞላውን አጠበቀው፤ ማቃሰቱ ከፍ ባለ ፍጥነት ቀጠለ። ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ አላላው፤ ማቃሰቱ ዝቅ ባለ ፍጥነት ቀጠለ። ሁለት ጊዜ ተከፍሎት ሄደ። በኋላ አባቴ የፖምፓውን ሽፋን ከፍተው ራኩን በጣታቸው ሲገፉት የማይሄድ ሆነ፤ ጠንከር አድርገው ሲገፉት ደግሞ ዘልሎ ሄደ። የደረቀ የናፍጣ ዝቃጭ እንደ ሙጫ ይዞት ነበር። በነጭ ጋዝ አጥበው በጣት ገፋ ሲያደርጉት ያለ ዝላይ የሚሄድ እስኪሆን ድረስ አጸዱት፤ በዚያው ቀን ወፍጮው እንደ ቀድሞው በእኩል ድምፅ ፈጨ። ሞላውን ማጥበቅም ማላላትም ያልረዳው ስህተቱ በሞላው ስላልነበረ ነው። ክብደቶቹ የፍጥነቱን መለወጥ ያያሉ፣ ራኩ ግን አይታዘዝም፤ ኃይሉ ተጠራቅሞ ሲያላቅቀው ከሚፈለገው በላይ ይሄዳል፤ ያኔ ፍጥነቱ በሌላው በኩል ያልፋል፣ ታሪኩም ተገልብጦ ይደገማል።

ሦስተኛውና አራተኛው ነጥብ፣ ማለትም ኢንተግራልን መጨመርና ጌንን መቀነስ፣ የጽሑፉ ማዕከል ስለ ሆኑ በቁጥር ልመልሳቸው። አንድን ዕቃ ወደ ታዘዘው ቦታ የሚገፋ ተቆጣጣሪ አለን እንበል። የፕሮፖርሽናል ክፍሉ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ስህተት 25 ኒውተን ይገፋል። የመነሻ ሰበቃው 50 ኒውተን፣ የጉዞ ሰበቃው 30 ኒውተን ይሁን። ኢንተግራል ከሌለ ዕቃው ከታዘዘው ቦታ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ርቆ ሊቆም ይችላል፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ያለው ግፊት ከ50 ኒውተን አያልፍም። እዚህ ላይ ሥርዓቱ አይወዛወዝም፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የሚቀረው ስህተት ብቻ ነው።

አሁን ምክራቸውን ተቀብለን ኢንተግራል እንጨምር፤ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ስህተት በየሰከንዱ 5 ኒውተን ያጠራቅም። ዕቃው 1 ሚሊ ሜትር ጎድሎ ቆሟል። ፕሮፖርሽናሉ 25 ኒውተን ይገፋል፤ ኢንተግራሉ ከዜሮ ተነሥቶ በ5 ሰከንድ ሌላ 25 ያጠራቅማል፤ ድምሩ 50 ይሆንና ዕቃው ይላቀቃል። በተላቀቀበት ቅጽበት ግን የሚቃወመው 50 መሆኑ ቀርቶ 30 ሆኗል፤ 20 ኒውተን ትርፍ ሆኖ ዕቃውን ያፈጥነዋል። የዘይት ሰበቃ ከሌለና ዝላዩ ኢንተግራሉ ሊለወጥ በማይችልበት ቅጽበት ካለቀ፣ ዕቃው የሚሄደው የትርፉን እጥፍ ለ25 በማካፈል የሚገኘውን፣ ማለትም 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ታዲያ 1 ሚሊ ሜትር ጎድሎ የነበረው 0.6 አልፎ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ፕሮፖርሽናሉ ወደ ኋላ 15 ይገፋል፣ ኢንተግራሉ ደግሞ ያጠራቀመውን 25 ይዞ አሁንም ወደ ፊት እየገፋ ነው። ወደ ኋላ ለመላቀቅ ድምሩ 50 ወደ ኋላ መሆን ስላለበት ኢንተግራሉ ከ25 ወደ ፊት ተነሥቶ እስከ 35 ወደ ኋላ፣ በጠቅላላው 60 ኒውተን መጓዝ አለበት። ስህተቱ 0.6 ስለ ሆነ በየሰከንዱ የሚጓዘው 3 ኒውተን ብቻ ነው፤ 20 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከዚያ ይላቀቅና 1.6 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ዘሎ እንደገና 1 ሚሊ ሜትር ጎድሎ ይቆማል። አሁንም 60 ኒውተን በየሰከንዱ 5 እየተጓዘ 12 ሰከንድ ይፈጃል። በየ32 ሰከንዱ ይኸው ነገር ይደገማል፤ አያድግም፣ አይሞትም። አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ዙሩን ሊከተለው ይችላል። ከሰበቃው በስተቀር የሥርዓቱ ክፍል በሙሉ መስመራዊ ነው፤ ውዝዋዜውን የወለደው የመነሻው ሰበቃ ከጉዞው መብለጡ ከኢንተግራሉ ትዕግሥት ጋር መገናኘቱ ነው።

ጸሐፊው ይህን ውዝዋዜ ቢያዩት ጌኑን ቀንሱ ይሉን ነበር። ኢንተግራሉን በግማሽ ብንቀንሰው 32 ሰከንዱ 64 ይሆናል፤ ዝላዩ ግን ያው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። የፕሮፖርሽናሉን 25 ወደ 12.5 ብናወርደው ደግሞ የትርፉ እጥፍ የሚካፈለው ለ12.5 ስለ ሆነ ዝላዩ 3.2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ መድኃኒቱ በሽታውን እጥፍ አደረገው ማለት ነው። በመንገዱ ላይ የዘይት ሰበቃ ካለ ዝላዩ ያጥራል፤ ይሁን እንጂ አይጠፋም። የመነሻው ሰበቃ ወርዶ ከጉዞው ጋር 30 ላይ ቢተካከል ግን ዕቃው ሲላቀቅ የሚያፈናጥረው ትርፍ ስለማይኖር ኢንተግራሉን ተከትሎ ቀስ እያለ ይጠጋል። የውዝዋዜው ቁልፍ በሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ውስጥ ነው፤ ይህን ልዩነት የሚያጠበው ደግሞ የፓኪንጉ ዓይነት፣ የዘንጉ ልስላሴና ቅባቱ እንጂ የተቆጣጣሪው ቁልፍ አይደለም።

ይህን ያየሁት በቁጥር ብቻ አይደለም። ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ ፋብሪካ በቫልቭ በሚለቀቅ እንፋሎት የሚሞቅ የውሃ ታንከር በ60 ዲግሪ እንዲቆይ ታዞ ከ57 እስከ 63 ይመላለስ ነበር፤ አንዱ ዙር አራት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከእኔ በፊት የነበረው ፈረቃ ጌኑን በግማሽ ቀንሶት ዙሩ ወደ ሰባት ደቂቃ ረዝሞ አገኘሁት፤ 57ና 63 ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በመዝገቡ ላይ «ተሻሽሏል» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ረዘም ባለ ጊዜ ውስጥ ስለሚዋዥቅ ለሚያየው ሰው የተረጋጋ ይመስላል። እኔ ተቆጣጣሪውን ወደ እጅ መቆጣጠሪያ አዞርኩት፤ መዋዠቁ ሞተ። ቫልቩ 43 በመቶ ላይ ነበር። 44 አልኩት፣ ዘንጉ ላይ ያለው ጠቋሚ አልተነቃነቀም። 45፣ 46፤ ምንም። 47 ላይ «ጧ» ብሎ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ዘለለ፤ እጄን በዘንጉ ላይ አድርጌ ስለነበር መንቀጥቀጡ ክንዴ ድረስ ተሰማኝ። ባትሪ አብርቼ ሳይ የፓኪንጉ ማጥበቂያ ብሎኖች እስከ መጨረሻቸው ተጠብቀዋል። ቀደም ሲል እንፋሎት ያፈስ ነበርና አንድ ሰው ማፍሰሱን በቁልፍ ጉልበት አቁሞታል፤ ፓኪንጉ መለወጥ ሲገባው።

ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ሌላም ምልክት አለ። ፈጣን በሆነ የፍሰት ቁጥጥር ላይ የተቆጣጣሪው ትእዛዝ በወረቀት ሲነደፍ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ የሚለካው ፍሰት ደግሞ እንደ ደረጃ በድንገት ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። በጌን መብዛት የመጣ ውዝዋዜ ግን በሁለቱም ላይ ለስላሳ ሞገድ ነው። በታንከር ውስጥ የውሃ ከፍታን በሚቆጣጠር ሥርዓት ላይ ይህ ምልክት ይቀየራል፤ እዚያ ከፍታው ራሱ ሦስት ማዕዘን ስለሚሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጸሐፊው ሁለቱን ውዝዋዜዎች ለይተው ባያሳዩም ለሁለቱም አንድ መድኃኒት አዝዘዋል፤ ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ይህ ነው።

አምስተኛው ነጥብ ሰበቃን ትቶ የተሠራ ስሌት ወደ ጥንቃቄ ያደላ ነው የሚለው ነው። የዘይት ሰበቃን ብቻ በሚመለከት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ምንም እንኳ ከወሳኝ ፍጥነታቸው (ከተፈጥሯዊ ንዝረታቸው ጋር ከሚገጥመው ፍጥነት) በላይ በሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ አብሮ የሚዞረው የውስጥ ሰበቃ ራሱ ዘንጉን ወደ መናወጥ እንደሚገፋ እ.ኤ.አ. ከ1924 ከኪምባል ጥናት ወዲህ ቢታወቅም። ደረቅ ሰበቃን በሚመለከት ግን አባባሉ ከሁለት በኩል ይፈርሳል። በመጀመሪያ፣ ከላይ የተሰላው የ32 ሰከንድ ዑደት ሰበቃ በሌለው ስሌት ውስጥ ጨርሶ አይታይም፤ በቂ የዴሪቬቲቭ ክፍል (ለስህተቱ የለውጥ ፍጥነት ምላሽ የሚሰጠው) ካለ ሰበቃ አልባው ስሌት ያለ ሥጋት ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ የሚዋዥቀው ማሽኑ ነው። ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ ደረቅ ሰበቃ የኃይል ጣሪያ ያለው መሆኑ ነው። 30 ኒውተን 30 ኒውተን ነው፤ ዕቃው አምስት እጥፍ ቢፈጥንም አይጨምርም። ስለዚህ በመሠረቱ ያልተረጋጋ ሥርዓት በትንሽ መናወጥ ጊዜ በደረቅ ሰበቃ ተይዞ ጸጥ ያለ ሊመስል ይችላል፤ ትልቅ ጭነት ሲመታው ግን ሰበቃው ሊይዘው ከሚችለው በላይ ይወጣና ውዝዋዜው እያደገ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ማሽን ባዶውን ፈትኖ የተረከበ ሰው ችግሩን የሚያገኘው በሥራ መሃል ነው።

ስለ ብርዱ የጻፉት እዚህ አገር ለምንኖር ሰዎች የቀረበ ስለ ሆነ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል፣ ቀኑ ደግሞ ፀሐይ ነው። ጠዋት ግራሶው እንደ ሰም ይወፍራል፣ ከቀትር በኋላ ይቀጥናል። የወፈረ ግራሶ የዘይት ሰበቃን እንደሚጨምርና ይህም ውዝዋዜን እንደሚያበርድ አልክድም፤ እንዲያውም ቀመሩ ራሱ ይመሰክርላቸዋል። በፕሮፖርሽናልና በኢንተግራል ለሚገፋ ዕቃ የመረጋጋቱ ሁኔታ የዘይት ሰበቃው በፕሮፖርሽናሉ ተባዝቶ፣ ክብደቱ በኢንተግራሉ ተባዝቶ ከሚገኘው መብለጥ አለበት የሚል ነው። ግን ይህንኑ ቀመር ይዘን የደብረ ብርሃንን አንድ ቀን እንከተል። 2 ኪሎ ግራም ዕቃ፣ በሜትር 500 ኒውተን የሚገፋ ፕሮፖርሽናል፣ ጠዋት ደግሞ በሜትር በሰከንድ 40 ኒውተን የሚቃወም ግራሶ አለን። ኢንተግራሉ እስከ 10,000 ድረስ ቢሄድ ሥርዓቱ አይናወጥም። ቴክኒሻኑ ጠዋት በሁለት ሰዓት መጥቶ በጥንቃቄ 4,000 ላይ አስተካከለው፤ ከግማሽ በታች ነው፣ የሚወቀስበት ነገር የለም። ከቀትር በኋላ ግራሶው ቀጥኖ 40ው 10 ቢሆን ገደቡ ወደ 2,500 ይወርዳል፤ 4,000 ላይ የተቀመጠው ኢንተግራል ያለማንም እጅ ያልተረጋጋ ይሆናል። ይኸው ማሽን በጠዋቱ መስተካከያው በመኪና ተጭኖ ጣርማ በርን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ቢተከል፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ 1,500 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ ቆላ ይገባል፤ ግራሶው ጠዋትም ቀጭን ነው። ብርዱ የሰጠውን መረጋጋት ሙቀቱ መልሶ ይወስደዋል። ማብረድ የሚያስፈልገው ሥርዓት ከሆነ በዴሪቬቲቭ ክፍል ወይም ለዚሁ በተሠራ ዘይት ባለው ማብረጃ ይሰጠው፤ መጠኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።

በመጨረሻው ክፍላቸው ሰበቃውን አስቀድሞ ለክቶ በእንቅስቃሴው አቅጣጫ ያንኑ ያህል ኃይል መጨመር እንደሚቻል በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋሉ። ይቻላል፤ በሮቦት ክንዶች ላይ ይሠራበታል፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሉግሬ የተባለው የሰበቃ ሞዴልም ከሚያገለግልባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ያላነሡት ግን የተጨመረው ኃይል ከእውነተኛው ሰበቃ በጥቂቱ ከበለጠ ማካካሻው ራሱ ዕቃውን በሁለቱ አቅጣጫ እያመላለሰ ውዝዋዜ እንደሚፈጥር ነው። ሰበቃ ከጠዋት እስከ ማታ በሚለዋወጥበት ቦታ ከሚለካው ጥቂት ዝቅ አድርጎ ማካካስ ይሻላል።

ከዚህ ይልቅ ቢያነሡት የምወደው አሮጌ ዘዴ አለ። መካኒክ የግፊት መለኪያ ሰዓትን ከማንበቡ በፊት በጣቱ ጫፍ መስታወቱን መታ መታ ያደርገዋል፤ ቀስቷ የተያዘችበትን የመነሻ ሰበቃ ለቅቃ ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ትቆማለች። የሃይድሮሊክ ቫልቮችም በትእዛዛቸው ላይ ትንሽና ፈጣን ንዝረት የሚጨመርባቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁልጊዜ በጥቂቱ የሚንቀጠቀጥ ነገር ቆሞ ስለማያውቅ የመነሻ ሰበቃ አያገኘውም።

ያንን ታንከር በተመለከተ፣ በሚቀጥለው የፋብሪካው የዕረፍት ቀን የቆየው የግራፋይት ፓኪንግ ወጥቶ በቴፍሎን ተተካ፤ እዚያ ያለው እንፋሎት 150 ዲግሪ አካባቢ ስለ ሆነ ቴፍሎን ያለ ችግር ይችለዋል። ዘንጉ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ተወልውሎ ተጸዳ። ብሎኖቹን ስናጠብቅ እኔ በየሩብ ዙሩ እያስቆምኩ ቫልቩን በ1 በመቶ እርምጃ አስሄድኩት፤ ጠቋሚው እያንዳንዷን እርምጃ መከተሉን ሲያቆም ሩብ ዙር መልሰን አላላነው፤ እንፋሎቱም አላፈሰሰም። በግማሽ የተቀነሰውን ጌን ቀድሞ ወደነበረበት መለስኩት፤ ውሃው በ60 ላይ ከግማሽ ዲግሪ የማይበልጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ዋለ።